ትምህርት አሥራ ሰባት

ዶሎ ኦዶ፣ የካቲት 4 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ አስተማሪዬ ለጋሼ ጎዳና፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እትዬ ዘርፈሽስ? አካም ጅርቱ፣ ቤቱ ናጋ፣ ሰፈሩ ናጋ? እኔ ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ደህና ነኝ፤ ክብር ለጌታ ይሁን።

ለጠየቁኝ ሁሉ ልመልስ። መጻሕፍቱ ደርሰዋል። ስልሳ ብለው የላኩት ስልሳ ነው፤ ሁለቱን ብቻ የመኪናው ዘይት ነክቷቸዋል። ተማሪው ስንት ነው ላሉኝ፣ ሰኞ አርባ፣ ማክሰኞ ዘጠና፣ ረቡዕ ሠላሳ አንድ ነበር። ከሶማሊያ በየቀኑ ድንበሩን የሚሻገረው ሰው ነው የሚወስነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሰሌዳ አለሽ ወይ ላሉኝ፣ የሳጥን ጣውላ በተወቀጠ የባትሪ ድንጋይ አጥቁረን ግራር ላይ ሰቅለናል። ‹‹ሁለተኛውን ትምህርት እስካሁን ለምን አልጀመርሽም?›› ላሉኝ ግን መልሴ ረጅም ነው። እንዳይቆጡ እለምናለሁ፤ ቢቆጡም እጽፈዋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያዘጋጁት ነጌሌ ላለ ተማሪ ነው። እሱ ጊዜ አለው። ዓመቱን ሙሉ ‹‹ይህ እስክሪብቶ ነው፣ ያ መስኮት ነው›› ሲል ቢከርም ምንም አይጎድልበትም። እዚህ ያለው ስደተኛ ግን መስኮት የለውም፤ ያለው ሸራ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ይማርና ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይ ወደ ሌላ ጣቢያ ይወስዱታል፣ ወይ ራሱ ይሄዳል። እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለሕክምናው ድንኳን። እዚያ ያለችው አንዲት ፈረንጅ ሲስተር ናት። ሶማሊኛ አታውቅ፣ ኦሮምኛ አታውቅ፣ አማርኛ አታውቅ። አስተርጓሚዋ ሺሬ አንድ ነው፣ ሰልፉ ሁለት መቶ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፉን እየዞረች እያንዳንዱን ትጠይቅና በጣም የታመመውን ወደ ፊት ታወጣለች። ሺሬ ከጎኗ ከሌለ ሰዉ አፍ የለውም።

ለመሆኑ ‹‹ያመኛል›› የሚለው ነገር መጽሐፍዎ ውስጥ የት እንዳለ ያስታውሳሉ? ትምህርት አሥራ ሰባት ላይ ነው። ከቀለማት በኋላ፣ ከወራት ስም በኋላ፣ ከዱር አራዊት በኋላ። ተማሪዬ ቀጭኔን በእንግሊዝኛ ጠርቶ፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው ማለት ግን አይችልም። ይህን ሳስብ ጠመኔውን ወርውሬ ልሄድ ይዳዳኛል።

ስለዚህ ፈቃድዎ ከሆነ አሥራ ሰባተኛውን ትምህርት አንደኛ ላድርገው። ሰላምታው ይቆይ፣ እስክሪብቶውም ይቆይ፣ ኤቢሲዲውም ይቆይ። መጻፍ ሳይችሉ መናገር ይችላሉ፤ አፋቸው ጤነኛ ነው። አንድ ሌላ ነገርም ልለምንዎ፦ ሺሬን ከድንኳኑ ማንም እንዳያነቃንቅብን እዚያ ላለው ለእርዳታ ቢሯችን ይንገሩልኝ። ባለፈው ሳምንት ለግማሽ ቀን እህል ሊያስቆጥሩት ወስደውት ሰልፉ ዝም ብሎ ቆሞ ዋለ።

አንዲት ተማሪ አለችኝ፣ መሱዳ ትባላለች። ሶማሊያ ውስጥ፣ ሉቅ ከተማ ላይ ከባሏ ከዓብዱልመጂድ ጋር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ሱቁ ባስተማራት ኦሮምኛ፣ ‹‹መምህርት፣ ይኼ ሁሉ ሰላምታ ወደ ጉዳይ የሚገባው መቼ ነው?›› አለችኝ። ሳቅሁባት። እኔም ያንኑ ነው እርስዎን የምጠይቀው።

ልጅዎ ጠጂቱ ጃልዴሳ


ነጌሌ፣ የካቲት 12 ቀን 1983 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጠጂቱ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ዘርፈሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ተሽሏታል፣ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው የባሰ ተናደድኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምርሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጅሽ ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?

ሰላምታ ለምን አንደኛ እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለማንም ተማሪ ነግሬ አላውቅም። የሃያ ዓመት ሰው ሆኜ አንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ዘንድ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት እንግሊዝኛ ‹‹ካም ሂር›› ነው። ሁለተኛው ‹‹ጎ››፣ ሦስተኛው ‹‹ኩዊክ››። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ‹‹ሀው አር ዩ፣ ጎዳና?›› ያለኝ የለም። ቢለኝም ኖሮ መመለሻውን አላውቀውም። መጽሐፍ አዘጋጅ ሲሉኝ የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍኩት በዚያ ቁጭት ነው። የእኔ ተማሪ ፈረንጅ ፊት ሲቆም እንደ ሰው ተጠይቆ እንደ ሰው ይመልሳል። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ‹‹ታመምኩ፣ ስጡኝ፣ እርዱኝ›› ከሆነ ለማኝ ሆኖ ይቀራል። እኔ ለማኝ አላስተምርም፤ አንቺም በእኔ መጽሐፍ አታስተምሪም።

ደግሞ ሰላምታ ቀላል ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ችሎ ወደ ቤቱ ካልሄደ በሁለተኛው ቀን አይመጣም። ይህን በሠላሳ ዓመት ማስተማር ነው ያወቅኩት፤ አንቺ ገና ሁለት ወርሽ ነው።

አሁን ዋናውን ስሚ። የካቲት 21 ቀን ከውጭ የሚረዱን እንግዶች ዶሎ ይገባሉ፣ ሁለት ቀን ይቆያሉ። ክፍልሽ በአንድ ድምፅ ሲመልስ ሊሰሙ ይገባል። ማንም አይንተባተብ፣ ማንም መሬት መሬት አይይ፣ ፈገግ ብለው ይመልሱ። ያ ካማረ ቢሮው ሁለተኛ አስተማሪና ሁለተኛ አስተርጓሚ እንደሚቀጥር ቃል ገብቶልኛል። የምትጮኺለት ነገር በዚህ መንገድ ነው የሚገኘው። ስለ ሺሬ ያልሽውን አይቻለሁ፤ እሱን ለእኔ ተይው።

አባትሽ ጎዳና


ዶሎ ኦዶ፣ የካቲት 26 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎዳና፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አለሁ።

እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። እንዴት ነበር ብለው በሾፌሩ የላኩትን ጥያቄ ሰምቻለሁ። እርስዎ እንዳሉት ነበር። ዘጠና ሁለት ሰው በአንድ ድምፅ ‹‹አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ›› አለ። ማንም አልተንተባተበም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ፣ አንደኛዋ ዕንባዋን ጠረገች። አለቃዬ ከቢሮው ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ደስ ይበልዎ።

ሁለተኛውን ትምህርት ጀመርሽ ወይ ላሉኝ፣ አልጀመርኩም። ሦስት ቀን ክፍል አልገባሁም። አሞሽ ነው ወይ እንዳይሉኝ፣ አላመመኝም። ጠመኔ አልቆብኝም አይደለም።

ስለ መሱዳም ጠይቀውኛል። የእሷን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

እትዬ ዘርፈሽን ሰላም ይበሉልኝ።

ጠጂቱ


ነጌሌ፣ መጋቢት 4 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጠጂቱ፣

እንደምነሽልኝ? እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዶቹ በእኛ በኩል ሲመለሱ ቢሮ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፣ የአንቺን ክፍል ብቻ ነው ያወሩት። ከንዴትሽ ጋር እንዲህ ማስተማር መቻልሽ ገርሞኛል። ደብዳቤሽ አጭርና ቀዝቃዛ መሆኑን አይቻለሁ፤ ድካም ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ካኮረፍሽብኝም ማኩረፍ መብትሽ ነው፤ ልጅ አባቱን ያኮርፋል።

አንድ የምሥራች አለኝ። ዕንባዋን የጠረገችው እንግዳ ቢጫ ሻሽ ያደረገችውን እርጉዝ ሴት አልረሳትም። ‹‹ከሁሉ አጥርታ የመለሰችው እሷ ናት፣ ስሟ ማን ነው?›› ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ ያንቺ መሱዳ መሆኗን ገምቼ ነገርኳት። ቢሮው ረዳት አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥራት ተስማምቷል። ከወለደች በኋላ ትጀምር። ደብዳቤውን እኔው ነኝ ያረቀቅኩት፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ለባሏም አንብቢለት። አየሽ፣ ሰላምታ ያደረገውን።

ሁለተኛውን ትምህርት ግን ጀምሪ። አሁን ምክንያት የለሽም።

አባትሽ ጎዳና


ዶሎ ኦዶ፣ መጋቢት 10 ቀን 1983 ዓ.ም.

ጋሼ ጎዳና፣

ሰላምታ የለኝም። እንደምን ሰነበቱ አልልም፤ እኔም ደህና ነኝ አልልም። ያ ቃል አፌ ላይ መሯል።

መሱዳ የካቲት 22 ቀን ከቀትር በፊት ሞታለች። ሕፃኑም አልተረፈም። እንግዶችዎ ወንዙ ዳር የውሃውን ጉድጓድ እየጎበኙ ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ፣ መጽሐፍዎ እንዴት እንደተዘጋጀ እያስረዳሁ።

ደም መፍሰስ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ጠዋት ሕክምናው ድንኳን ተሰለፈች። ባሏ ከብት ገበያ ነበር፤ የሴቶች ሰልፍ ውስጥ ወንድ አይቆምም። ከኋላዋ የቆመችው ሸምሳ የምትባል ጎረቤቷ ናት፣ የነገረችኝም እሷ ናት። ሲስተሯ ሰልፉን እየዞረች መጣች። ሺሬ አብሯት አልነበረም። ‹‹ሀው አር ዩ?›› አለቻት። መሱዳ ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ልክ እንዳስተማርኳት ‹‹አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ። ኤንድ ዩ?›› አለች። ሲስተሯ ደስ አላት አለች ሸምሳ። ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት አለፈች።

ለምን ሆዷን አላሳየችም ይሉኝ ይሆናል። እርስዎ ቦረና ነዎት፤ ማስረዳት አይገባኝም ነበር፤ ግን ላስረዳዎ። ከብቱ ያለቀበት ሰው እንኳ ‹‹ናጋ? ሰላም ነው?›› ሲሉት ‹‹ናጋ›› ብሎ ነው የሚጀምረው። ሶማሌውም ‹‹ነበድ›› ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ ሦስተኛው ይመጣል፤ ቤትሽ እንዴት ነው፣ ልጆችሽስ፣ ሰውነትሽስ። ክፉው ወሬ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙን የሚዘረግፍ ያልተቀጣ ሰው ነው። መሱዳ የደህና ሰው ልጅ ናት፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ሲስተሯ አሥር ሰው አልፋ እንኳ መሱዳ ወደ እሷ እያየች ቆማ ነበር አለችኝ ሸምሳ። ትመለሳለች ብላ ነው የቆመችው። ፈረንጅ የሚጠይቀው አንዴ ነው ብሎ የነገራት የለም። መጽሐፍዎ አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም።

ጋሼ፣ ሰላምታ ቀላል ነው ብለው ጽፈውልኛል። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። እስክሪብቶ እዚህም እዚያም እስክሪብቶ ነው፤ ‹‹ደህና ነኝ›› ግን እነሱ ዘንድ መልስ ነው፣ እኛ ዘንድ በር ማንኳኳት ነው። ይህን ሳንነግራቸው ቃሉን ብቻ አስጨበጥናቸው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከእንግዶቹ በፊት ለሰባት ቀን ይህን መልስ በማስመሪያ ጠረጴዛ እየመታሁ ነው ያስጠናኋቸው። የዘገየውን አስነስቼ አስደግሜዋለሁ። ‹‹ሳታስቡ መልሱ›› ብያቸዋለሁ። ዋዜማውን፣ በሃያ አንድ፣ እንግዶቹ ፊት መሱዳን ስጠይቃት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር። አየሁ። አጠራሯ ስላማረ ደስ አለኝና ሌላውን ጠየቅሁ።

አሁን ስለ ሺሬ። እንዳይነቃነቅ ለምኜዎት ነበር፣ ‹‹ለእኔ ተይው›› ብለው ነበር። ሺሬ የተሰጠውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ‹‹ከየካቲት 21 እስከ 22 ከእንግዶች ጋር ይዋል›› ይላል። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም፤ የሰባተኛ ክፍል ካርዴ ላይ ያለው ፊርማ ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ጉልበት ሕመም ጽፈው ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የቅጥር ደብዳቤዋን ለባሏ አንብቢለት ብለውኛል። አላነበብኩለትም። እርስዎ መጥተው ያንብቡለት።

የስልሳውንም መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ቀድጄዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽጎ ይደርስዎታል። ከትናንት ጀምሮ የማስተምረው ትምህርት አሥራ ሰባትን ነው። ማባረር ከፈለጉ መንገዱን ያውቁታል።

ጠጂቱ ጃልዴሳ


ነጌሌ፣ መጋቢት 19 ቀን 1983 ዓ.ም.

ጠጂቱ፣

ፊርማው የእኔ ነው። ሁለት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነው የፈረምኩት። ሁለተኛ አስተርጓሚ ለማግኘት ስል ያለውን አንድ አስተርጓሚ ወሰድኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ ስላጣሁም ነው ስምንት ቀን የዘገየሁት።

እኔም ግን በአንቺ ላይ ቁጣ አለኝ፣ አልደብቅሽም። አሥራ ስምንት ቀን ዝም አልሽ። ‹‹ደስ ይበልዎ›› ብለሽ ጻፍሽልኝ። በሞተች ሴት ስም የቅጥር ደብዳቤ እየጻፍኩ፣ ከወለደች በኋላ ትጀምር እያልኩ ስቀልድ ተመለከትሽኝ። ዘርፈሽ ደብዳቤሽን ሳነብላት አለቀሰች፤ ከዚያ ዞር ብላ ‹‹ምን አደረጋችሁ?›› አለችኝ። አደረጋችሁ ነው ያለችው፣ አደረግህ አላለችም። 

የቀደድሻቸውን ገጾች ተቀብያለሁ። አለቃው ሰምቷል። የስንብት ደብዳቤሽን አስጽፎ ፈርም ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል። አልፈረምኩም። ለአንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ በዚህ ወር ከዚህ በላይ መፈረም አልችልም። ሌላ ሰው እስኪያስፈርም ድረስ አስተማሪ ነሽ።

ባሏን ለቅሶ ልድረስ ወይ? ብመጣ ምን እለዋለሁ? ንገሪኝ፤ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ስህተቴን አምኛለሁ፣ ግን ሐሳቤን ሁሉ አልጣልኩም። ‹‹ታመምኩ፣ ታመምኩ›› ብቻ የሚል ገጽ ዛሬም አላትምም። በየሰው ፊት መቆም የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። አንድ የማባዣ ስቴንስል ብቻ ቀርቶኛል፤ ቀለሙም ከአንድ ገጽ አያልፍም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነገር መንገዱ ተዘግቶ ቆሟል። ገጹ የሚይዘው አሥራ ሁለት መስመር ነው። ለሦስት ሳምንት ለሚቆይ፣ አንድ ፊደል ለማያውቅ ሰው አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ምረጪ። ማንን እንደምታስቀድሚ፣ ማንን እንደምትተይ ልየው። መናደድ ለሁለታችንም ቀሎናል።

ጎዳና


ዶሎ ኦዶ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎዳና፣

ቁጣዬ እንዳለ ነው። አብሮኝ ያድራል፣ አብሮኝ ይነሳል። እርስዎንም ራሴንም ይቅር አላልኩም፤ ይህን ሳልናገር ወደ ሥራው ብገባ እንደ ድሮው ‹‹ደህና ነኝ›› ብሎ መጻፍ ይሆንብኛል።

ለቅሶ ልምጣ ወይ ላሉኝ፣ አሁን አይምጡ። ዓብዱልመጂድ የሚያጽናናውን ሰው ሁሉ አመስግኖ ይሸኛል፤ እርስዎንም አመስግኖ ይሸኝዎታል። ያን መስማት አይችሉም፤ እኔ አልቻልኩም።

አሥራ ሁለቱን መስመር ብቻዬን አልመረጥኩም። አርባ ዓረፍተ ነገር በተሰባበረው ሶማሊኛዬ እየተናገርኩ፣ ተማሪዎቹ ‹‹ይቅር›› ያሉትን እያስወጣሁ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ አይቼ አላውቅም። ‹‹ደም ይፈሰኛል›› ሳይከራከሩበት ገባ። ‹‹ራሴን ያመኛል›› ወደቀ፤ ሸምሳ ‹‹ማን ራሱን የማያመው አለ?›› አለች። አንድ ሽማግሌ ‹‹ውሃው ቆሻሻ ነው›› ካልገባ አልማርም ብለው ተነሱ፤ ገባላቸው። ‹‹ከእኔ ይልቅ እሷ ታማለች፣ እሷን አስቀድሚ›› የሚለውን ደግሞ እኔ አላሰብኩትም፤ ሴቶቹ ናቸው ያመጡት፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ‹‹ታንክ ዩ››ን ላወጣው ስል እኔን ሊያወጡኝ ደረሱ። ‹‹ታመናል እንጂ ባለጌ አልሆንንም›› አለችኝ ሸምሳ። ይህን የምነግርዎ ደስ እንዲልዎ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ‹‹ደህና አይደለሁም›› ነበር። ከሱ ጎን አንድ ነገር በአፍ አስተምራቸዋለሁ፦ ሲስተሯ የምትጠይቀው አንዴ ነው፤ ሁለተኛ አትጠብቁ። ሰው ፊት በመጀመሪያው ቃል ሕመሙን መናገር ስለሚያሳፍራቸው እየተሳሳቁ ነው የሚለማመዱት። አንዳንዷ አፏን በሻሿ ሸፍና ነው የምትለው።

ከዚያ ዓብዱልመጂድ መጣ። አርባኛው ቀን ሳይሞላ ነው። ግራሩ ሥር ቆሞ ክፍሉ እስኪበተን ጠበቀኝ። ‹‹አንዲት ነገር አስተምሪኝ፣ ሌላ አልፈልግም›› አለኝ። ለሲስተሯ ‹‹ሚስቴ ደህና አልነበረችም›› ሊላት ነው የፈለገው። ሺሬ ይንገርልህ አልኩት፤ ‹‹ሰው እንዲነግርልኝ ብፈልግ እስካሁን አልቆይም፤ ከእኔ አፍ ትስማው›› አለኝ። አብሬህ ልሂድ አልኩት፤ አንቺም አትምጪ አለኝ። አምስት ቃል ናት። ሦስት ቀን ተለማመዳት። ‹‹ማይ ዋይፍ ዋዝ ኖት ፋይን።›› ጨርቅ ለክቶ እንደሚሸጥ ሰው እያንዳንዷን ቃል እየለየ፣ ሳይቸኩል ነው የሚላት። እሱን ሳስጠና በማስመሪያ ጠረጴዛ አልመታሁም።

ትናንት ጠዋት ሄደ። ሲስተሯ ከድንኳኑ ስትወጣ ፊቷ ቆሞ አላት። ሸምሳ ከሩቅ አይታለች። ሲስተሯ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ከዚያ ማን እንደሆነ ገባት። እጁን ያዘችውና መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች፤ እያለቀሰች ተናገረች። እሱ አንድ ቃል አልገባውም። ሰው እየተናገረ ጥሎት አይኬድምና እስክትጨርስ ቆሞ አዳመጣት። ስትጨርስ ራሱን ነቀነቀና መጣ። በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። ‹‹ምን አለችኝ?›› አለኝ።

እኔ አልነበርኩም። የምትለውን የሚሰማበት ጆሮ አልሰጠሁትም፤ የሚናገርበትን አፍ ብቻ ነው የሰጠሁት። እንደገና ተሳሳትኩ፣ በዚያው መንገድ ተሳሳትኩ። ሄጄ ልጠይቅልህ ብዬ ተነሳሁ፤ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ‹‹ለእኔ ነው የነገረችኝ›› አለ። ዛሬ ጠዋት ክፍል መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። መሱዳ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው፤ ማንም ይዞት አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ተለውጧል። ክፍሉን ጠይቄ ነው የለወጥኩት፤ የተቃወመ የለም። ‹‹አልገባኝም። ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ›› የሚለው አንደኛ ይሁን፣ ‹‹ደህና አይደለሁም›› ሁለተኛ ይሁን። የቀሩት አሥሩ በተለየ ወረቀት ከዚህ ጋር አሉ። ቅደም ተከተሉን እንዳይነኩት። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ሰፊ ቦታ ይተዉልኝ፤ ሲስተሯ ልትመልስ የምትችለውን እዚያ በእጄ እጽፋለሁ፣ ማስተማሩንም ከዚያ እጀምራለሁ።

ገጹ በቶሎ ይላክልኝ። የሲስተሯ ጊዜ አልቆ ሚያዝያ 20 ወደ አገሯ ትመለሳለች። ዓብዱልመጂድ ከዚያ በፊት ፊቷ ቆሞ ድገሚልኝ ሊላት ይፈልጋል፤ ስትደግምለት ደግሞ እንዲገባው። አሥራ ዘጠኝ ቀን አለኝ። እስከዚያ አያባርሩኝ።

ጠጂቱ